«የምርምር ትኩረትሽ ምንድን ነው?» ሲሏት መልስ ያጣች መምህርት

ደብዳቤው፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 28 ነው። መሃል አዲስ አበባ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፣ ማዕረጌ ሌክቸረር ነው። ዘንድሮ ለፒኤችዲ ላመለክት ፎርም ስሞላ ‹የምርምር ትኩረት› የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቤይዚያን ስታቲስቲክስ፣ ሰርቫይቫል አናሊሲስ፣ ስፓሻል ሞዴሊንግ፣ ሚሲንግ ዳታ፣ ማሽን ለርኒንግ ብዬ አምስቱንም ደረደርኩ። አንዱ ባልደረባዬ አይቶት ‹ይሄ እኮ የኮርስ ዝርዝር ነው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ቴዎሪ ካልሠራሽ ስታቲስቲሺያን ነኝ አትበይ፤ በጤና ዳታ ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን መሥራት ማንም ይችላል› ብሎኛል።

በዚህ መሃል ካዛንቺስ አካባቢ ያለ፣ ቤት ለቤት ጥናት የሚያካሂድ ድርጅት በዳታ ማኔጀርነት ሊቀጥረኝ ፈለገ። ደመወዙ አሁን የማገኘውን ሦስት እጥፍ ነው። ቀበና ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ታናሽ ወንድሜንም የማስተምረው እኔ ነኝ። አባቴ ‹ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጨረሻሽ ሰው ቆጣሪ ሊሆን ነው?› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ልጄ ዶክተር ስትባል ልያት› ትላለች። ማስተማር እወዳለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን ስለ ምን እንደምመራመር ሳላውቅ እንዴት ልግባበት?

ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ፎርሙ ላይ አልጻፍኩትም እንጂ የማስተርስ ቴሲሴን ስሠራ ከሞዴሉ ይልቅ ያንገላታኝ የሕፃናቱ ዕድሜና የቀን አቆጣጠሩ ነበር። የሞቱበት ወር 12 ላይ ተቆልሎ አየሁት። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጻፍኩበትም።

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ»

መልስ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

እኔም ስታቲስቲክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ያቺ የፎርሙ ባዶ ቦታ ስንቱን ጎበዝ ልጅ እንደምታስጨንቅ አውቃለሁ። መልሴን የምጀምረው «ጥቃቅን» ብለሽ ካስቀረሽው ከመጨረሻው አንቀጽሽ ነው። የምትፈልጊው ትኩረት እዚያው ውስጥ ስላለ ነው።

ሞቱ 12 ወር ላይ ተቆልሎ ያየሽው ነገር የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት፣ በእኛ አገር ግን ገና ብዙ ሥራ የሚጠብቀው ችግር ነው። እንዴት እንደሚፈጠር ልብ በይ። መረጃ ሰብሳቢዋ በርጩማ ቀርቦላት ተቀምጣለች። እናትየዋን ስለሞተባት ልጅ ትጠይቃታለች። በመጠይቁ መመሪያ መሠረት ልጁ ወር ሳይሞላው ከሞተ በቀን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከሞተ በወር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በዓመት ነው የሚጻፈው። እናትየዋ «ዓመት ቢሆነው ነው» ትላለች። ሰብሳቢዋ «ስንት ወሩ ነበር? መራመድ ጀምሮ ነበር ወይ?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። ዓይኗ እንባ ያቀረረ እናት ፊት ተቀምጦ እንዲህ መመርመር ግን ቀላል አይደለም፤ 12 ትጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። በአሥር ወሩ የሞተውም፣ በአሥራ አንድ ወሩ የሞተውም፣ በአሥራ አራት ወሩ የሞተውም 12 ላይ ይሰፍራል።

ውጤቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። የሕፃናት ሞት ምጣኔ ስንል ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱትን ነው የምንቆጥረው። በአሥራ አንድ ወሩ ሞቶ 12 ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ከዚህ ምጣኔ ይወጣና ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ላይ ይደመራል። ከአምስት ዓመት በታች ያለው ጠቅላላ ሞት አይለወጥም፤ ክፍፍሉ ግን ይዛባል፣ አንደኛው ከእውነቱ አንሶ ሌላኛው በዝቶ ይወጣል። ክትባቱን ወይም የአመጋገብ ድጋፉን በየትኛው ዕድሜ ላይ እናጠንክር ብሎ የሚወስነው ሰው የሚያየው ደግሞ ይህንኑ ክፍፍል ነው።

እንግዲህ ጥያቄ አገኘሽ ማለት ነው፦ የተዛባው በምን ያህል ነው? ከተማና ገጠር ላይ እኩል ነው? ከመረጃ ሰብሳቢ መረጃ ሰብሳቢስ ይለያያል? ይህን ለመመለስ ስትነሺ ፎርሙ ላይ የደረደርሻቸው ስሞች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። 12 የሚለውን መልስ እንደ አንድ ነጥብ ትተሽ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ወር እንዳለ ክልል ስትወስጂው አንድ ነገር እስኪከሰት የሚያልፈውን ጊዜ የሚያጠናው ሰርቫይቫል አናሊሲስ ውስጥ ገባሽ፤ ኢንተርቫል ሴንሰሪንግ ይሉታል። የሞተበት እውነተኛ ወር ከዓይን የተሰወረ ነው ብለሽ ከአጎራባች ወራት በመነሳት ስትገምቺው አስቀድሞ የሚታወቀውን ከመረጃው ጋር አጣምሮ የሚገምተው ቤይዚያን ዘዴ ያስፈልግሻል። በደፈናው የተሰጠ መልስ ግማሽ የጎደለ መልስ ስለሆነ የሚሲንግ ዳታ ቴዎሪም ይመጣል። ቁልሉ በየትኛው አካባቢ እንደሚብስ ማየት ስትፈልጊ ስፓሻል ሞዴሊንግ ይከተላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ በዲኤችኤስ (ቤት ለቤት በሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ፋይሎች ውስጥ የክላስተሮቹ፣ ማለትም በናሙና የተመረጡት ሰፈሮች፣ የጂፒኤስ ነጥብ የሰዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ሆን ተብሎ እንዲሸሽ ይደረጋል፣ ከተማ ውስጥ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር እስከ 5፣ ጥቂቶቹን ገጠሮች ደግሞ እስከ 10። አዲስ አበባ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ከአራት ኪሎ ተነስቶ ፒያሳን ማለፍ ነውና ከተማችንን በክላስተር ነጥብ ቆራርጠሽ ካርታ አትሥሪ። ማሽን ለርኒንግን ግን ለጊዜው ተዪው። ስሙ ፎርም ስለሚያደምቅ ብቻ የገባ ይመስለኛል።

ከአዋቂዎች ዕድሜም ተመሳሳይ ጥያቄ ይወጣል። የልደት ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ዕድሜው ሲጠየቅ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ቁጥር ይሰጣል። ይህን የምንለካበት የዊፕል ኢንዴክስ የሚባል ቀላል መለኪያ አለ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ቆጥረሽ በ5 ታባዢና ለጠቅላላው አካፍለሽ በ100 ታባዢዋለሽ። ከ1,000 ሰው 200ው ቢሆን 100 ይመጣል፣ ቁልል የለም ማለት ነው። 380ው ቢሆን 190 ይመጣል፤ በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ከ175 በላይ የሆነ መረጃ እጅግ ሸካራ ከሚባለው ክፍል ነው። በእኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሰብሳቢዎቹ ዕድሜ ለማስታወስ «ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ዓመትሽ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ተወልደሽ ነበር? ደርግ ሲወድቅስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ግን የልደት ዓመቶቹ በእነዚያው ክስተቶች ዙሪያ መከማቸት ይጀምራሉ። 0 እና 5 ላይ ያለውን ቁልል ብቻ የሚያርም ሞዴል ይህን አያይም። ይህን ሊያይ የሚችለው ጥያቄው በምን ቋንቋና እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ሌላም አለ። የዲኤችኤስ መጠይቅ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ብዙ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ ክትባት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ጡት ማጥባት። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደከመ ሰብሳቢ አራት ዓመት ከስምንት ወር የሆነውን ልጅ «አምስት» ብሎ ቢጽፈው የሁሉም ሥራ ያጥራል። በብዙ አገር ታይቷል፣ በእኛም ታይቷል። በአንዱ ዓመት የልደት ቁጥር ጎድሎ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ሲያብጥ ካየሽ የወሊድ ምጣኔ ቀነሰ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ይህን አስቢ።

የቀን አቆጣጠሩ ያንገላታሽም ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ ፋይሎች ቀኑን የያዙት በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ያውም ከ1900 ጀምሮ በሚቆጠር ተከታታይ የወር ቁጥር። ሰኔ 2008 ዓ.ም. በፋይሉ ውስጥ 108 በ12 ተባዝቶ 10 ሲደመርበት የሚገኘው 1306 ነው። 92 ወር፣ ማለትም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስትጨምሪበት 1398 ይሆናል፤ እሱም እ.ኤ.አ. ጁን 2016 ነው። ይህን ያልጨመረ ሰው የሕፃናቱን ልደት ከዝናብ ወይም ከእህል ዋጋ መረጃ ጋር ሲያዛምድ የሌላ ዘመን ዝናብ ነው የሚያገናኘው። ሶፍትዌሩ ስህተት ነው አይልም፤ ሠንጠረዡም አምሮ ይወጣል። አንቺ የተንገላታሽው ስለተጠነቀቅሽ ነው።

ወደ ባልደረቦችሽ ልምጣ። «የኮርስ ዝርዝር ነው» ያለሽ እውነቱን ነው። ስለ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተናገረውም ግማሽ እውነት ይዟል፤ የአንድን ጤና ችግር «ወሳኝ ምክንያቶች» ከዲኤችኤስ ፋይል አውጥቶ አንድ ሪግሬሽን ሠርቶ ማሳተም በአገራችን በዝቷል። ብዙዎቹ ላይ የሚያሳዝነኝ የናሙናውን አወጣጥ ከምንም አለመቁጠራቸው ነው። የ2008ቱ ዲኤችኤስ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መርጦ ከእያንዳንዳቸው 28 ቤተሰብ ነው የወሰደው። አንድ ሰፈር ያሉ ሰዎች አንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ መልሳቸውም ይመሳሰላል። ከ0 እስከ 1 በሚለካው መመሳሰል 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ ቫሪያንሱ፣ ማለትም የግምቱ መዋዠቅ፣ በ1+27×0.05 (27ቱ ከ28 አንድ ሲቀነስ ነው)፣ ማለትም በ2.35 እጥፍ ያድጋል። 1,000 ሰው ጠየቅኩ ያልሽው በመረጃ አቅሙ ከ425 ሰው ያህል አይበልጥም። ይህን የዘለለ ሰው የሚያወጣው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ክልል) ከሚገባው በላይ ጠባብ ይሆናል፣ የሌለውን ነገር አገኘሁ ይላል። ስለዚህ ማንም የሚችለው ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ መጻፉን ነው።

ቴዎሪ የሠራ ብቻ ነው ስታቲስቲሺያን የሚለውን ግን አልቀበልም። የሙያችን ታሪክ ራሱ አይቀበለውም። ስቱደንትስ ቲ ብለሽ የምታስተምሪው እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው የዊልያም ጎሴት ሥራ ነው፤ ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበር፣ ችግሩም በጥቂት የገብስና የቢራ ናሙና እንዴት መወሰን ይቻላል የሚል ነበር። ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ፕራሳንታ ማሃላኖቢስ ነው። በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1931 በካልካታ የሕንድ ስታቲስቲካል ኢንስቲትዩትን መሠረተ። ቤንጋል ውስጥ ጁት በሚባለው የጆንያ ክር ተክል የተሸፈነውን መሬት በናሙና ለመለካት ሲነሳ ትልቁ ፈተና ያንቺው ፈተና ሆነበት፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ይሳሳታሉ። የፈለሰፈው መላ ናሙናውን ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከፍሎ በአንድ አካባቢ ላይ የተለያዩ ቡድኖችን ማሰማራት ነበር። ቡድኖቹ ያመጡት ቁጥር የሚራራቀው ከናሙና ዕጣ በላይ ከሆነ የሰብሳቢው ስህተት ይታያል ማለት ነው። ከዚያ ሥራ ቴዎሪም ወጣ፣ አንድ ትልቅ ተቋምም ጸና።

አንቺም ቴዎሪውን አታመልጪውም። ከተቆለለ ዕድሜ ብቻ ተነስተሽ እውነተኛውን ዕድሜ ማግኘት ይቻላል ወይስ ተጨማሪ ግምት ሳታስገቢ በፍጹም አይቻልም? አይደንቲፋየቢሊቲ የሚባለው ይሄ ነው፣ በሒሳብ ማረጋገጫ እንጂ በኮምፒውተር ሙከራ (ሲሙሌሽን) ብቻ አይመለስም። ፕሮባቢሊቲና የላይክሊሁድ ቴዎሪ ላይ ድክመት ካለብሽ እሱን ከአሁኑ ጀምረሽ አጠናክሪ፤ ፒኤችዲው ውስጥ ገብተሽ የምትማሪው ከሆነ ዓመት ይበላሻል።

እዚሁ ከተማችን የሆነ ነገር ልጨምርልሽ። ሞት በማይመዘገብበት ዘመን፣ ከ1993 ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች ላይ የሚቀበሩትን ሰዎች የሚመዘግብ ጥናት ተካሂዷል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየሙስሊሙ መቃብር የተመደቡ መዝጋቢዎች ለቀብር የመጣውን ቤተሰብ የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና የሞቱን ምክንያት ይጠይቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤችአይቪን በስሙ የሚጠራ ቤተሰብ ጥቂት ነበር። ታዲያ ቤተሰቡ የተናገረውን ትክክለኛው ምክንያት ነው ብሎ መውሰድም፣ ዋጋ የለውም ብሎ መጣልም አይቻልም። ተመራማሪዎቹ የተነገረውን ምክንያት ቤታቸው ሄደው በዝርዝር ከጠየቁትና ከሐኪም ቤት መረጃ ጋር አመሳክረው ምን ያህሉ እውነቱን እንደሚያመለክት ገመቱ። በ1997 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በከተማው የኤድስ ሞት ክፉኛ መቀነሱን ለማሳየት የተቻለው በዚህ መዝገብ ነው። በሕግ የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ያንን መዝገብ ለጥናት ያበቃው ሥራ፣ ሰው የተናገረውን ይዞ እውነቱን የመገመት ሥራ፣ አንቺ ከ12 ወሩ ቁልል ጋር የምትሠሪው ሥራ ነው። በአንድ ጥያቄ ዕድሜ ልክ መሥራት ይቻላል የምልሽ ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ከሕፃናት ወደ አዋቂ፣ ከዕድሜ ወደ ሞት ምክንያት፣ ከዚያ ወደ ገቢና ወደ መሬት ስፋት እየተሻገረ ይሄዳል።

ስለ ካዛንቺሱ ሥራ። ምሁርነትና ገንዘብ ብለሽ በሁለት ከፍለሽ አትዪው። ኪራይ የምትከፍል፣ ወንድም የምታስተምር ልጅ ሦስት እጥፍ ደመወዝ ብትፈልግ ማንም ሊፈርድባት አይገባም፤ ልጆችን የሚያስተምር ሰው ወሩን መድረስ እያቃተው በፍቅር ብቻ ይቆይ ማለት ደግሞ ትክክል አይደለም። ከዚያ በላይ ግን ሥራውን ራሱን እይው። በታብሌት የሚሰበሰብ መረጃ፣ በኦዲኬም ይሁን በሰርቬይሲቲኦ ወይም በሲኤስፕሮ ሶፍትዌር፣ ለሕዝብ በሚለቀቀው ፋይል ውስጥ የማይገባ ብዙ ነገር አለው። የትኛው ሰብሳቢ ዕድሜው ላይ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ የትኛው መልስ ተሰርዞ ተስተካከለ፣ ቃለ መጠይቁ ስንት ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ ሱፐርቫይዘሩ የትኞቹን ቤቶች ተመልሶ ጎበኘ። 12 ቁጥሩ እንዴት እንደሚጻፍ የሚታየው እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቢሮሽ ቁጭ ብለሽ ይህን አታገኚውም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሥራውን ለመውሰድ እዘጋጃለሁ፣ ከመፈረሜ በፊት ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የግለሰቦቹ ማንነት ተጠብቆ በመረጃው ለመመረቂያ ጽሑፌና ለኅትመት መጠቀም እችላለሁ ወይ? በዓመት ቢያንስ የተወሰነ ጊዜ መስክ እወጣለሁ ወይስ ቢሮ ሆኜ ሪፖርት ብቻ ነው የማወጣው? አንድ ኮርስ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ይፈቀድልኛል? የመጀመሪያውን በቃል «ችግር የለውም» ካሉሽ በውሉ ላይ ይጻፍልሽ። ሠራተኛው ሲቀየር በቃል የተባለ ነገር ይረሳል። መረጃውን አትጠቀሚበትም፣ መስክም አትወጪም ካሉሽ ያ ሥራ ደመወዝ ብቻ ነው፤ ደመወዙ አስፈላጊሽ ከሆነ ውሰጂው፣ የምርምር መንገድ ነው ብለሽ ግን አታስቢው። ዩኒቨርሲቲሽንም መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወይም የትምህርት ፈቃድ ጠይቂ። ስለጠየቅሽ ብቻ አያባርሩሽም።

የማዕረጉ መሰላል እንዳያስፈራሽ። ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይሄዳል፤ ከፍ የሚያደርግሽ ኅትመት፣ ማስተማርና አገልግሎት ነው። ስታቲስቲሺያን ከሌላው የሚለይበት አንድ አደጋ አለ፤ የጤናውም የግብርናውም ሰው ዳታውን ይዞ ይመጣና «እስኪ ተንትኚልኝ» ይልሻል። ሁሉንም እሺ ካልሽ ስምሽ በብዙ ጽሑፍ መሃል አራተኛና አምስተኛ ሆኖ ይቀራል፣ የራስሽ ጥያቄ ግን ባለበት ይቆማል። መጠይቁ ሲዘጋጅና ናሙናው ሲወጣ ካልጠሩሽ እምቢ ማለትን ተለማመጂ። ለፒኤችዲ አማካሪ ስትፈልጊም የተቋሙን ስም አስቀድመሽ አትዪ፣ በመለኪያ ስህተት ላይ ያሳተመ ሰው ፈልጊ። ብዙ የአገራችን ልጆች በባዮስታቲስቲክስ የሠለጠኑባቸው የቤልጂየሞቹ ሃሴልትና ሉቨን ጥሩ መነሻ ናቸው፤ አንድ አማካሪ እዚያ አንድ እዚህ ይዘሽ መሥራት ከቻልሽ ደግሞ ወንድምሽንም ሥራሽንም አትርቂም።

ለአባትሽ ደግሞ በአክብሮት ይህን ንገሪያቸው። ሰው መቁጠር ዝቅ ያለ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ብሎ አያዝም ነበር። የምርጫ ክልል የሚከለለውም በዚሁ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተቆጥረናል፤ የ1999ኙ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ነበርን ብሎናል። አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሞ የ2011ዱም ሳይካሄድ ቀረ። የ2008ቱ ዲኤችኤስ ናሙናውን ያወጣው ለ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው። እርሳቸው ፒያሳንና አራት ኪሎን ካወቁ ይገባቸዋል፤ ያኔ መቶ ሰማንያ ያህል ቤተሰብ የነበረበት የቆጠራ ቦታ ዛሬ ሰፊ መንገድና አረንጓዴ ሥፍራ ሆኖ፣ ነዋሪው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ማን የት እንዳለ ሳይታወቅ ትምህርት ቤት የት ይሠራ? አሜሪካ በ2017 የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ የዲኤችኤስ ሥራ በብዙ አገር ተስተጓጉሏል። ከእንግዲህ የራሳችንን ቁጥር ራሳችን ማውጣት፣ ምን ያህል እንደሚታመን መናገር የሚችል ሰው በጣም ያስፈልገናል። ልጅዎ የምትማረው ያንን ነው በያቸው።

አሁን ፎርሙን አውጪ። አምስቱን ስም ሰርዢና እንደዚህ ያለ ነገር ጻፊበት፦

«ትኩረቴ ቤት ለቤት በሚደረጉ ጥናቶች ላይ የዕድሜና የቀን መረጃ ስህተት ነው። በማስተርስ ጽሑፌ የሕፃናት ሞት 12 ወር ላይ ተከማችቶ አግኝቻለሁ። ይህ ክምችት የሕፃናት ሞት ምጣኔን ምን ያህል እንደሚያዛባ፣ ከመረጃ ሰብሳቢ መረጃ ሰብሳቢ እንዴት እንደሚለያይና በምን ግምት ሊታረም እንደሚችል ማጥናት እፈልጋለሁ። ለዚህም ኢንተርቫል ሴንሰሪንግንና ቤይዚያን ዘዴዎችን እጠቀማለሁ።»

ቃሉን እንዳለ አትቅጂው፣ ያየሽውን በራስሽ አንደበት ጻፊው። ከዚያ የቴሲስሽን ፋይል ክፈቺና የሞቱበትን ዕድሜ በየወሩ ግራፍ ሥሪ፤ መጀመሪያ ለሁሉም፣ ቀጥሎ በሰብሳቢው መለያ ቁጥር ከፋፍለሽ። እያንዳንዱ መልስ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ክብደት፣ ሳምፕሊንግ ዌይቱን፣ አትርሺ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ አንቀጹንና ግራፉን አብረሽ ላኪላቸው፤ ያለዚያ ደብዳቤያቸው «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነበረች» ከማለት አያልፍም።